አናሎግ የጊታር ዲሌይ በቤት ውስጥ መሥራትና ልኬቱን ማስተካከል

አናሎግ ዲሌይ የጊታሩን ድምፅ ወደ ቁጥር ሳይቀይር፣ በኤሌክትሪክ ቻርጅ መልክ ይዞና አዘግይቶ የሚመልስ ፔዳል ነው። ሥራውን የሚሸከመው አይሲ (ብዙ ክፍሎች በአንድ ቺፕ የተጠቃለሉበት ሰርኪዩት) መሠረቱ የተጣለው በ1969 በፊሊፕስ ቤተ ሙከራ ሲሆን፣ በውስጡ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ካፓሲተሮች ተደርድረው፣ እሳት ለማጥፋት የተሰለፉ ሰዎች ባልዲ እንደሚቀባበሉ፣ እያንዳንዱ የያዘውን ቻርጅ ለቀጣዩ ያሻግራል። ሰርኪዩቱን መበየድ ትዕግሥት ላለው ሰው ከባድ አይደለም። ድምፅ ወጣ ብሎ ሳጥኑን መዝጋት ግን ሥራውን ከእኩሌታው ላይ ማቆም ነው፤ የዚህ ፔዳል ጥራት የሚወሰነው በቦርዱ ላይ ባሉት ትሪም ፖቶች (በመፍቻ የሚዞሩ ትንንሽ የማስተካከያ ሬዚስተሮች)፣ ይልቁንም እነርሱ በሚስተካከሉበት ቅደም ተከተል ነው።

በመጀመሪያ የሚወሰነው የአይሲው ምርጫ ነው። የጥንቶቹ ፔዳሎች የሚታወቁበት ኤምኤን3005 እስከ 15 ቮልት በሚደርስ አሉታዊ የኃይል መጋቢ የሚሠራ ስለሆነ ለመጀመሪያ ሥራ አይመከርም። ኤምኤን3205 እና ቅጂው ቪ3205 ግን እንደ እርሱ 4096 ደረጃዎች (የቻርጅ ማሻገሪያዎች) ይዘው በ5 ቮልት ይሠራሉ፤ የሰዓት ምት፣ ማለትም ቻርጁን ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያሻግረውን ተደጋጋሚ የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጣቸውም ኤምኤን3102 የተባለው ጓደኛቸው ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች እርስ በርስ አይተካኩም። አይሲውን ከውጭ ማስመጣት ያስቸገረው ሰው የድሮ የካራኦኬ ሚክሰሮችን ቢፈታ አይከፋም፤ ኤኮ ያላቸው ብዙዎቹ ከዚሁ ቤተሰብ አንዱን በሆዳቸው ይዘዋል። ፒቲ2399 የሚል ጽሑፍ ያለበት ከተገኘ ግን እርሱ በውስጡ ዲጂታል ነው፤ ጥሩ አይሲ ቢሆንም እዚህ ለተገለጸው ሰርኪዩት አይሆንም።

የመዘግየቱ ርዝመት የሚሰላው የደረጃዎቹን ቁጥር ለሰዓት ምቱ ሁለት እጥፍ በማካፈል ነው። ስለዚህ 4096 ደረጃ ያለው አይሲ በ10 ኪሎኸርዝ 204.8 ሚሊሰከንድ፣ በ100 ኪሎኸርዝ ደግሞ 20.48 ሚሊሰከንድ ያዘገያል። የአምራቹ ዝቅተኛ ወሰን 10 ኪሎኸርዝ ቢሆንም፣ በ1981 የወጣው ቦስ ዲኤም-2 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ይደርስ ነበር፤ ይህም ምቱን ወደ 6.8 ኪሎኸርዝ ማውረድን ይጠይቃል። ዋጋው የሚከፈለው በድምፁ ጥራት ነው፤ ምክንያቱም ማለፍ የሚችለው ድምፅ ከምቱ ግማሽ፣ ማለትም ከ3.4 ኪሎኸርዝ በታች ብቻ ስለሆነ፣ ከአይሲው በፊትና በኋላ የሚቀመጡት ማጣሪያዎች ከ2.5 እስከ 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ መቁረጥ ይኖርባቸዋል። ሃያ ሁለት ፍሬት ያለው ጊታር ከፍተኛ ኖታው 1175 ኸርዝ ገደማ በመሆኑ ዜማው አይጠፋም፤ የሚጠፋው የክሩ ብልጭታ ነው። ብዙዎች «ሞቅ ያለ» የሚሉት የአናሎግ ድምፅ በአመዛኙ ከዚሁ ማጣሪያ የሚመጣ እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም።

የድምፁ መንገድ እንደሚከተለው ነው። ከጊታሩ የሚመጣው ምልክት 1 ሜጋኦም የመግቢያ ሬዚስተር ባለው ቲኤል072 በተባለ የማጉያ አይሲ (ኦፕ አምፕ) ይቀበልና ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ክፍል ሳይነካ በቀጥታ ወደ መውጫው ሲሄድ፣ ሁለተኛው በማጣሪያ አልፎ ኤስኤ571 በተባለው አይሲ አንደኛ ግማሽ ይታመቃል፣ በዲሌይ አይሲው ውስጥ ይዘገያል፣ እንደገና ይጣራል፣ በኤስኤ571 ሁለተኛ ግማሽም ወደ ቀድሞ ስፋቱ ይመለሳል። ይህ የማመቅና የመዘርጋት ሥራ ባይኖር ኖሮ የአይሲው ሽውታ ከእያንዳንዱ ድግግሞሽ ጋር አብሮ በተሰማ ነበር። ከተዘረጋው ድምፅ ጥቂቱ የድግግሞሽ ቁልፍ በሆነው ቮልዩም በኩል ወደ መጀመሪያው ማደባለቂያ ሲመለስ ድግግሞሹ ይፈጠራል።

በብየዳው ጊዜ መጀመሪያ ሬዚስተሮቹ፣ ቀጥሎ የአይሲ ሶኬቶቹና ካፓሲተሮቹ፣ በመጨረሻ ሽቦዎቹ ይግቡ። ዲሌይ አይሲው በሰውነት ላይ በሚከማች ኤሌክትሪክ ስለሚጎዳ በቀጥታ አይበየድም፤ ሶኬቱ ውስጥ የሚገባውም ከሁሉ በኋላ ነው። የሰዓት ምቱን የሚወስዱት ሁለት መስመሮች አጭር ይሁኑ፣ ከመግቢያው ሽቦም ይራቁ። በእያንዳንዱ አይሲ መጋቢ እግር አጠገብ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማኖር ትርፍ ነገር የሚመስል፣ ሲቀር ግን በፉጨት የሚያስታውስ ጥንቃቄ ነው።

አይሲዎቹ ሳይገቡ 9 ቮልቱን አገናኝተው ይለኩ። ከመከላከያው ዳዮድ በኋላ 8.7 ቮልት ገደማ፣ በማመሳከሪያው ነጥብ የዚያ ግማሽ፣ ከ78ኤል05 (ቮልቴጁን በ5 ቮልት ከሚያጸናው ሬጉሌተር) በኋላ ደግሞ 5 ቮልት ሊገኝ ይገባል። ከዚያ ኤምኤን3102ን ያስገቡና ለዲሌይ አይሲው የሚያቀርበውን ሁለተኛ ቮልቴጅ ይመልከቱ፤ ከመጋቢው 14/15ኛ፣ ማለትም 4.67 ቮልት አካባቢ ካልሆነ ዲሌይ አይሲውን አያስገቡ።

ሁሉም በቦታው ከገባ በኋላ ፔዳሉን ለሩብ ሰዓት ያህል ክፍት ይተዉትና በሰዓት ምቱ ይጀምሩ። ኸርዝ የሚለካ መልቲሜትር ይበቃል። የጊዜ ቁልፉን ወደ ረጅሙ ጫፍ አዙረው፣ ከሁለቱ የምት እግሮች በአንዱ ላይ 6.8 ኪሎኸርዝ እስኪነበብ ድረስ የምቱን ትሪም ያስተካክሉ። በእኔ አስተያየት 7.5 ኪሎኸርዝ ላይ ማቆም የተሻለ ነው፤ 273 ሚሊሰከንድ ለአብዛኛው አጨዋወት በቂ ሲሆን፣ የሚቀረው ጥቂት ሚሊሰከንድ ከሚያስከትለው ሻካራነት ጋር አይመጣጠንም።

ቀጥሎ የሚመጣው ባያስ ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው። ዲሌይ አይሲው ከዜሮ በታች ያለ ቮልቴጅ ስለማይቀበል፣ ምልክቱ በመጋቢው መሀል አካባቢ በተቀመጠ ቋሚ ቮልቴጅ፣ ማለትም በባያሱ ላይ ተጭኖ መግባት አለበት። ነጥቡ ከፍ ካለ የሞገዱ አናት፣ ዝቅ ካለ ደግሞ እግሩ ይቆረጣል። ኦሲሎስኮፕ ያለው ሰው ከስልክ የ400 ኸርዝ ድምፅ አስገብቶ፣ ሞገዱ መቆረጥ እስኪጀምር ካሳደገው በኋላ፣ አናቱና እግሩ እኩል እስኪቆረጡ ድረስ ትሪሙን ያዞራል። ኦሲሎስኮፕ የሌለው ደግሞ አንድ የጊታር ገመድ ጫፉ ላይ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በይዶ ወደ አምፕ ያስገባዋል፤ ግራውንዱን ከቦርዱ ግራውንድ ጋር አያይዞም በካፓሲተሩ ጫፍ የአይሲውን መውጫ ያዳምጣል። ትሪሙን ወደ አንድ አቅጣጫ ድምፁ እስኪጠፋ አዙሮ ቮልቴጁን ይጻፍ፣ ወደ ሌላውም እንዲሁ፤ ከዚያ የሁለቱን አማካይ ይያዝና ጠንከር ያለ ኮርድ እየመታ ጥቂት ወዲህና ወዲያ በማለት መሻከሩ የሚያንስበትን ቦታ ይፈልግ። ድምፁ የሚጎላበትን ሳይሆን የሚጠራበትን ነጥብ ነው መፈለግ የሚገባው። ቮልቴጁ የሚለካው በትሪሙ መካከለኛ እግር ላይ ይሁን፤ በአይሲው እግር ላይ ከተለካ፣ በተለይ በመርፌ በሚሠራ ቴስተር፣ መለኪያው ራሱ ነጥቡን ይጎትተዋል።

አይሲው ሁለት መውጫዎች ያሉት እርስ በርስ እየተፈራረቁ ስለሚሠሩ ነው፤ በእኩል ሲደባለቁ የሰዓት ምቱ ቅሪት በአብዛኛው ይጣፋል። ጊታሩን ነቅለው፣ የጊዜ ቁልፉን በረጅሙ ጫፍ ትተው፣ ቀጭኑ ጩኸት በጣም እስኪያንስ ድረስ የሚዛን ትሪሙን ያዙሩ። በዚህ ጫፍ ምቱ ጆሮ በሚሰማው ክልል ውስጥ ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው። የትሪሙ አቀማመጥ ጩኸቱን ምንም ካልለወጠው ከሁለቱ መውጫዎች አንዱ አይሠራም፤ ከማይታወቅ ሻጭ የተገዛ አይሲ ከሆነም አስመስሎ የተሠራ ሊሆን ይችላል።

ኤስኤ571 ምልክቱን ሳያሳድግና ሳያሳንስ የሚያሳልፈው በ0.775 ቮልት አካባቢ ነው። ዲሌይ አይሲው በ5 ቮልት ሲሠራ ይህን ያህል ምልክት በንጽሕና መሸከም ስለማይችል ከእርሱ በፊት ምልክቱ ይቀነሳል፣ ከእርሱ በኋላ ደግሞ በዚያው መጠን መመለስ አለበት። ይህን የሚያደርገው የድምፅ መጠን ትሪም የሚስተካከለው የድግግሞሽ ቁልፉ ተዘግቶ የመጀመሪያው ድግግሞሽ ከቀጥታው ድምፅ ጋር እኩል እስኪሰማ ነው። በኤስኤ571 ሁለት ግማሾች የመለኪያ እግር ላይ የሚገቡት ካፓሲተሮች እኩል መሆናቸውም ግዴታ ነው። ለጊታር 1 ማይክሮፋራድ ይስማማል፤ ከዚህ ሲያንስ የወፍራም ክር ድምፅ ይሻክራል፣ ሲበዛ ደግሞ ሽውታው ከድምፁ ኋላ እየተጎተተ ይሰማል።

የድግግሞሹ ወሰን መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ባያሱና የድምፅ መጠኑ በተነኩ ቁጥር አብሮ ስለሚለወጥ ነው። የአምፑን ድምፅ ዝቅ አድርገው፣ የድግግሞሽ ቁልፉ ሦስት አራተኛ ላይ ሲደርስ ድምፁ በራሱ ማደግ እንዲጀምር ትሪሙን ያስተካክሉ፤ ከዚህ ቀድሞ የሚያመልጥ ፔዳል መድረክ ላይ ያስቸግራል፣ ፈጽሞ የማያመልጥ ደግሞ የአናሎግ ዲሌይን ግማሽ ደስታ ያስቀራል።

በመጨረሻ በጊዜ ቁልፉ ዙሪያ ምልክት ማድረግ ይጠቅማል። ለምሳሌ በችክችካ 6/8 ምት፣ በደቂቃ 120 ትልልቅ ምት በሚሄድ ሙዚቃ፣ አንዷ ትንሽ ምት 167 ሚሊሰከንድ ያህል ትወስዳለች፤ የሚያስፈልገው የሰዓት ምት 12.3 ኪሎኸርዝ ስለሆነ አይሲው በአምራቹ ወሰን ውስጥ ሆኖ ይሠራል። መልቲሜትሩን በምት እግሩ ላይ አድርገው ይህን ቁጥር ሲያገኙ በሳጥኑ ላይ መስመር ያስምሩ፤ ክዳኑ ከተገጠመ በኋላም አንድ ኮርድ መትተው ድግግሞሹ በሙዚቃው ምት ላይ መውደቁን በጆሮ ያረጋግጡ።