ስሪዲው ላይ ዝናብ አይዘንብም

በእኛ በአርክቴክቶች ሙያ «ስሪዲ» የምንለው ሥዕል አለ። ቤቱ ሳይሠራ ተሠርቶ የሚታይበት። ስሪዲ ላይ ሰማዩ ሁልጊዜ ሰማያዊ ነው። በሩ ላይ ነጭ መኪና ቆሟል። ዘንባባም አይጠፋም፤ ሰፈራችሁ እንጦጦ ሥር ቢሆንም ዘንባባው አለ። ዝናብ፣ ጭስ፣ የልብስ ማስጫ ገመድና ሮቶ ግን የሉበትም።

ቤት ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ስልኩን አውጥቶ ይጀምራል። «እንዲህ ዓይነት ነው የምፈልገው» ይላል። ፎቶው ካሊፎርኒያ ወይም ዱባይ ያለ ቤት ነው። ቤቱ ቆንጆ ነው፤ አልዋሽም። ጥፋቱ የሚጀምረው ፎቶው የማያሳየውን ሳንጠይቅ ስንቀር ነው። ከዓመታት ሥራ ደጋግሜ ያየኋቸውን ስህተቶች ላውራችሁ። አንዳንዱን እኔም ሠርቼዋለሁ።

መስታወት ባለበት ሁሉ ዘመናዊነት ያለ መምሰሉ

ከሰዓት 10 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ቀና ብላችሁ ወደ ምዕራብ የዞሩ የመስታወት ሕንፃዎችን እዩ። መጋረጃው ተዘግቷል። ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ መብራት በርቷል። ብርሃን እንዲገባ ተብሎ ብዙ ብር ወጣ፤ ከዚያ ብርሃኑ እንዳይገባ ሌላ ብር ወጣ። ጋዜጣ የተለጠፈበትም አይቻለሁ።

ጥፋቱ የመስታወቱ አይደለም፣ የአቅጣጫው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናታችን ብዙም አትርቅም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ እንዲያውም በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። ስለዚህ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ የዞረ መስኮትን ከፀሐይ መጠበቅ ቀላል ነው። ቁመቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ የደቡብ መስኮት ከላዩ አንድ ሜትር ያህል የወጣ ሶሌታ፣ ማለትም የአርማታ ጥላ ይኑረው። ፀሐይ ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እኩለ ቀን እንኳ ጥላ ያገኛል። ለሰሜኑ 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ምሥራቅና ምዕራብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ፀሐይ ዝቅ ብላ ዓይን ለዓይን ነው የምትገጥማችሁ። ሶሌታ አያስቆማትም።

እኛ ግን መስታወቱን የምንገጥመው መንገዱ ባለበት በኩል ነው። መንገዱ በምዕራብ ከሆነ በምዕራብ። ፀሐይን የጠየቃት የለም።

ለመኖሪያ ቤት ትንሽ ይለያል። የአዲስ አበባ ሌሊት ብርድ ነው፤ ለመኝታ ቤት የጠዋት ፀሐይ በረከት ናት። ሳሎኑን ሙሉ ለሙሉ በመስታወት ወደ ምዕራብ የከፈተ ሰው ግን የሶፋው ጨርቅ ሲነጣ ያየዋል።

በዚህ የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። ለንደን ውስጥ 20 ፌንቸርች ስትሪት የሚባል ሕንፃ አለ፤ የራፋኤል ቪኞሊ ሥራ ነው። ከተማው «ዎኪ ቶኪ» ይለዋል። ፊቱ ወደ ውስጥ የጎበጠ መስታወት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ግንባታው ሳያልቅ ይህ ጎባጣ ፊት ፀሐይን እንደ ማጉሊያ መነጽር ሰብስቦ መንገዱ ላይ ጣላት። የቆመ ጃጓር መኪና ክፍሎቹ ቀለጡ። ጋዜጠኞች አስፋልቱ ላይ እንቁላል ጠበሱ። በኋላ ፀሐይ የሚከላከል ተጨማሪ ሽፋን ተሠራለት። ያ ሁሉ ባለሙያና ያ ሁሉ ገንዘብ ባለበት እንዲህ ከሆነ፣ እኛ ሰፈር በአንድ ስሪዲ ብቻ መስታወት የሚያዝዝ ሰው ቆም ቢል ነውር የለውም።

ለእኛ የሚቀርበው ትምህርት ሐራሬ ነው። ሐራሬም እንደ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሌሊቷ የሚቀዘቅዝ ከተማ ናት። እዚያ አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀውን ኢስትጌት ሴንተር ሠራ። ሐሳቡን የወሰደው ከምስጥ ኩይሳ ነው። ሕንፃው ወፍራም ግንብና አርማታ አለው። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር በውስጡ ያልፋል፣ ግንቡ ይቀዘቅዛል፣ ቀን ደግሞ ያ ቅዝቃዜ ቤቱን ይጠብቀዋል። በተለመደው ትልቅ የኤሲ ማሽን አልተማመነም። ሲያዩት እንደ ስሪዲ አያብለጨልጭም። ውስጡ ያለው ሰው ግን ይመቸዋል።

ከቤታችን ሳንወጣም ምሳሌ አለን። ልደታ መርካቶን ያየ ያውቀዋል። ስፔናዊው አርክቴክት ዣቪዬር ቪላልታ የገበያ ማዕከሉን በመስታወት አላለበሰውም። ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው የኮንክሪት ግድግዳ ሸፈነው። የቀዳዳዎቹ ንድፍ ከአገር ልብስ ጥለት የተወሰደ ነው። ብርሃንና አየር ይገባል፤ ፀሐይ ግን እንደልቧ አትፈነጭም።

ባህልን እንደ ተለጣፊ ማየት

ልደታ መርካቶ ላይ ያለው ጥለት ሥራ ይሠራል። ከላይ የተለጠፈ ጌጥ አይደለም፣ ፀሐይ ያጠላል። ይህን ልዩነት ብዙ ሰው አያየውም።

«ባህላዊ ነገር ጨምርበት» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚታሰበው መሶብ የሚመስል ጣራ፣ ጀበና የሚመስል በር፣ ወይም ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የአክሱም ሐውልት ቅርጽ ነው። እኔ በበኩሌ ጀበና የሚመስል ሕንፃ ሳይ ቡና ከመፈለግ ይልቅ ይደክመኛል። አስተያየት ነው፤ የሚወደው ይውደደው።

አዲስ አበባ ያለውን የኔዘርላንድስ ኤምባሲ ግን እዩ። ዲክ ቫን ጋምረንና ብያርነ ማስተንብሩክ የሠሩት ነው፤ ከእኛም አገር አርክቴክቶች አብረዋቸው ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የአጋ ካን የአርክቴክቸር ሽልማት አግኝቷል። ረጅም፣ ዝቅ ያለ፣ ተዳፋቱን ሰንጥቆ የገባ ሕንፃ ነው። አርማታው ከአካባቢው አፈር ጋር እንዲመሳሰል ቀይ ቀለም ተቀላቅሎበታል። ባሕር ዛፎቹ ባሉበት ቆመዋል። ሲታይ ከአለት የተፈለፈለ ይመስላል፤ ላሊበላን የሚያስታውሰውም ለዚህ ነው። መስቀል አልተሳለበትም፣ የቤተ ጊዮርጊስ ቅጂም አይደለም። የወሰዱት የላሊበላን መልክ ሳይሆን ከመሬት ጋር ያለውን ዝምድና ነው። ጣራው ላይ ደግሞ ጥልቀት የሌላቸው ገንዳዎች አሉ። ክረምት ሲገባ ውሃ ይይዛሉ፤ ያ የሆላንድ ውሃማ አገር ትዝታ ነው። የእኛ ዝናብ የእነሱን አገር ይሥላል። ስሪዲ ላይ ዝናብ ያዘነበ ሰው ነው እንዲህ የሚያስበው።

ጣራን መደበቅ

ስለ ዝናብ ካነሳን አይቀር፣ አሁን ፋሽን የሆነው ሳጥን ቤት ነው። ጣራው አይታይም። ዙሪያውን ፓራፔት፣ ማለትም ጣራውን የሚጋርድ አጭር ግንብ ይወጣል፤ ቆርቆሮው ከኋላው ተደብቆ፣ ተዳፋቱ አንሶ ይተኛል። ውሃው ወደ ውስጠኛው አሸንዳ ይሄዳል።

የድሮው ቤት አሸንዳ ቢሞላ ውሃው ውጭ ይፈስሳል። የሳጥኑ ቤት አሸንዳ ቢሞላ የሚፈስሰው ኮርኒሱ ላይ ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ በረዶ ያለባት ከተማ ናት። አንድ የሐምሌ በረዶና አንድ እፍኝ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቱቦ ለመድፈን በቂ ናቸው። ሐምሌ ላይ ስልኬ ሲጮህ ሳላየው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሳጥኑን ካልተውኩ ካላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ማውረጃ ቱቦው ከአንድ በላይ ይሁን። ፓራፔቱ ላይ ትርፍ ውሃ ወደ ውጭ የሚተፋ ቀዳዳ ይኑር። ጣራው ላይ ሰው ወጥቶ በግንቦት የሚጠርግበት መንገድ ይዘጋጅ። ወጣ ያለ የጣራ ክፈፍ ግን አሁንም ከሁሉም ይሻላል። ግድግዳውንም፣ ቀለሙንም፣ መስኮቱንም አንድ ላይ ይጠብቃል።

ጭቃን መናቅ

«ጭቃ ቤት» ስንል ድህነት ማለታችን ነው። ቡርኪና ፋሶ ውስጥም እንዲሁ ነበር። ፍራንሲስ ኬሬ ጀርመን አርክቴክቸር ሲማር ለተወለደበት መንደር ለጋንዶ ትምህርት ቤት ሊሠራ ተነሳ። በሸክላ አፈር እሠራለሁ ሲል የመንደሩ ሰው ተጠራጠረ። ጭቃ ዝናብ እንደማይችል ያውቁታላ! ኬሬ አፈሩን ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር ደባልቆ በማሽን አስጠቀጠቀው። ከዚያ ዋናውን ነገር ጣራው ላይ ሠራ። ቆርቆሮውን ከጡብ ኮርኒሱ ከፍ አድርጎ፣ ከፌሮ በተበየደ ቀጭን አጥንት ላይ አሳረፈው፤ ከግድግዳውም አርቆ አወጣው። ዝናብ ግድግዳውን አይነካም። የጋለው አየር በመሃል ሾልኮ ይወጣል። ትምህርት ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 አለቀ። በ2022 ኬሬ በአርክቴክቸር ትልቁን ሽልማት ፕሪትዝከርን ሲቀበል የመጀመሪያው አፍሪካዊ ነበር።

ልብ በሉ፣ ዕቃው ቆርቆሮ፣ ፌሮ፣ አፈርና ሲሚንቶ ነው። ሁሉም እኛ ሰፈር መጋዘን አለ። ቆርቆሮ ሥር ያለ ኮርኒስ ያለ አየር ማስወጫ ታሽጎ ቤቱ የሚግለው ዕቃው ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ አቀማመጡ ነው።

ጭቃ ለሁሉም ቤት ይሁን አላልኩም። ጂ ፕላስ አራት በጭቃ አልሠራላችሁም። ግን ከውጭ የመጣ ግራናይት ስላለበት ብቻ ቤት ዘመናዊ አይሆንም።

የሚነድ ልብስ ማልበስ

ይህን በአጭሩ እላለሁ፣ ቀልድ የለበትም። የድሮ ሕንፃን በአሉሚኒየም ክላዲንግ አልብሶ አዲስ ማስመሰል ቀላል ሆኗል። ሰሌዳው በሁለት ስስ አሉሚኒየም መካከል ሌላ ነገር ይዟል። ያ ነገር ተራ ፕላስቲክ ከሆነ ይነዳል። ለንደን ያለው ባለ 24 ፎቅ ግሬንፌል ታወር እንዲህ ዓይነት ሰሌዳ በእድሳት ጊዜ ለብሶ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 2017 ከአንድ ማእድ ቤት የተነሳ እሳት በውጭ በኩል ወደ ላይ ወጣ። 72 ሰው ሞተ። ሻጩን ስለ ቀለሙ ከመጠየቃችሁ በፊት መሃሉ ላይ ያለው ምን እንደሆነና እሳት የመቋቋም ማረጋገጫው የት እንዳለ ጠይቁ። መልስ ከሌለው አትግዙ።

ምጣዱን መርሳት

አንድ ሜሪላንድ የሚኖር ደንበኛ ለእናቱ ቤት ያሠራ ነበር። ሁሉም ነገር በቴሌግራም ነው። ሳሎንና ማእድ ቤቱ አንድ ላይ ክፍት፣ መሃል ላይ የእብነ በረድ ጠረጴዛ። ስሪዲው ላይ ጠረጴዛው ላይ ሎሚ ነበር። እኔም ወደድኩት፣ ሣልኩት። ለእናቱ በስልክ ላሳያቸው ሄድኩ። እማማ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት። «ልጄ፣ ሲያምር! ምጣዱ የት ነው?» አሉኝ።

ምጣዱ የትም አልነበረም። የበርበሬው፣ የቁሌቱ፣ የእጣኑ ጭስ በዚያ ክፍት ሳሎን ወዴት እንደሚሄድ አላሰብኩም። ሁላችንም የምናውቀው መፍትሔ ጓሮ ላይ ሰርቪስ መሥራት ነው። ለፎቶ የሚሆነው ማእድ ቤት ፊት ለፊት፣ እውነተኛው ማእድ ቤት ቆርቆሮ ሥር፣ ከኋላ። ብዙ ብር የሚወጣው የማይሠራበት ላይ ነው። ብዙ ጉልበት የሚወጣበት ክፍል ግን መስኮት እንኳ የለውም።

ፕላኑን እንደገና ጀመርን። በዚህ ጊዜ ከምጣዱ። እንጀራው የሚጋገርበት ክፍል ከሳሎኑ በአንድ ተዘጊ በር ተለየ፤ ጭሱ በላይ የሚወጣበት ከፍ ያለ መስኮት ተሠራለት፤ በሩም ድንኳን ወደሚተከልበት ግቢ ተከፈተ። ሰርግም ለቅሶም ቢመጣ ድስቱ ሩቅ አይሄድም። ልጁ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። «ክፍት ኪችኑስ?» አለ። እናትህን ጠይቃቸው አልኩት።

መጀመሪያ ማፍረስ

የመጨረሻው ስህተት ፕላን ሳይወጣ ይፈጸማል። አባት የሠሩት ቤት አለ፤ በረንዳው የእንጨት፣ ግንቡ የድንጋይ። ወራሾች ይመጡና የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ማፍረሱ ስንት ቀን ይፈጃል?» ነው።

ፈረንሳዮቹ አን ላካቶንና ዣን ፊሊፕ ቫሳል እ.ኤ.አ. በ2021 ፕሪትዝከር የተሸለሙት በዚህ ላይ ባላቸው እልህ ነው። ቦርዶ ከተማ ውስጥ ግራን ፓርክ የሚባሉ 530 ቤቶች ያሉባቸው ሦስት የድሮ የመኖሪያ ሕንፃዎች ነበሩ። አላፈረሷቸውም። ፊታቸው ላይ አዲስ ክፍል ቀጠሉባቸው፤ መስታወት ያለበት ሰፊ በረንዳ። ነዋሪው ከቤቱ ሳይወጣ ሥራው አለቀ።

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ በዚያው ከተማ አንዲት ትንሽ አደባባይ እንዲያሳምሩ ታዘው ነበር። ደጋግመው ሄዱ፣ አዩ፣ ሰዎቹን አነጋገሩ። ከዚያ ቦታው እንዳለ ቆንጆ ነው አሉ። ጠጠሩ ይታደስ፣ ዛፎቹ ይታከሙ፣ ቶሎ ቶሎ ይጠረግ። ዲዛይኑ ይኸው ነበር።

ይህን ለአንዱ የበረንዳ ባለቤት ነገርኩት። ሳቀ። «እና ምንም ላለመሥራት ነው የምከፍልህ?» አለኝ። ከፈለኝ። ጣራው ተቀየረ፣ በስተ ጓሮ ሁለት ክፍል ተጨመረ። በረንዳው አሁንም አለ፤ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ቡና ጠጥቼበታለሁ። እየዘነበ ነበር።