በኦንላይን ጨረታ ቴምብርና የድሮ ሳንቲም ስንገበያይ ክፍያውንና ኮሚሽኑን እንዴት እናስላ?

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ የቴምብር፣ የድሮ ሳንቲምና የወረቀት ብር ሰብሳቢዎች ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝ ስለ ዕቃው ነው። ኦሪጂናል ነው ወይ? ስንት ያወጣል? ስለ አከፋፈሉ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ገንዘባችሁ የሚያልቀው ግን እዚያ ጋ ነው። የጨረታው ዋጋ ላይ ኮሚሽን ይመጣል፣ ኮሚሽኑ ላይ የካርድ ክፍያ ይጨመራል፣ ምንዛሪው የራሱን ይወስዳል፣ መጨረሻ ላይ ማጓጓዣው ይደረብና በ100 ዶላር አሸነፍኩ ያላችሁት ዕቃ ቤታችሁ እስኪገባ 150 ይደርሳል። ስለዚህ ከመጫረታችሁ በፊት የሚሠራውን ሥራ በቅደም ተከተል እንየው።

መጀመሪያ፦ ዕቃው የሚሸጥ ነው ወይ?

ወሎ ውስጥ ሆነን ይህን መዝለል አንችልም። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ብራና፣ የቤተ ክርስቲያን መስቀል፣ የጥንት የቁርዓን ጽሑፍ ወይም የመዝገብ ቁጥር የተጻፈበት ዕቃ ቴሌግራም ላይ ለጨረታ ሲወጣ ካያችሁ አትጫረቱ። ለባህልና ቱሪዝም ቢሮው ንገሩ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ክፍያው የቱንም ያህል ቢያጓጓ ይህ አይለወጥም። የድሮ ሳንቲምም ቢሆን ወደ ውጭ ልትሸጡ ካሰባችሁ ፎቶውን ከመለጠፋችሁ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ። የምኒልክ ብር ፓሪስ ውስጥ መሠራት የጀመረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የሆነውን ዕቃ «ተራ ሳንቲም ነው» ብላችሁ አትላኩት።

ሁለተኛ፦ አገር ውስጥ ስትጫረቱ

እኛ ጋ አብዛኛው ጨረታ ቴሌግራም ላይ ነው። ፎቶ ይለጠፋል፣ መነሻ ዋጋ ይጻፋል፣ ሰው ኮሜንት ላይ እየጨመረ ይሄዳል፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል። ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት አድሚኑን በውስጥ መስመር ጠይቁት። ኮሚሽን ስንት ነው፣ ከሻጭ ነው ወይስ ከገዢ የሚቆረጠው? ገንዘቡ የሚገባው ለማን ነው? ዕቃው ፎቶው ላይ እንደሚታየው ካልሆነ ይመለሳል ወይ? ማጓጓዣውስ የማን ነው? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። በስልክ የተነገረ ነገር ሲጣሉ ማስረጃ አይሆንም።

ክፍያው በቴሌብር ወይም ከባንክ ወደ ባንክ ነው። ፈጣን ነው፣ ሞባይል ላይ ያልቃል። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አንዴ ከላካችሁ የፈሰሰ ውሃ ነው። ዕቃው ሳይመጣ ቢቀር «ክፍያዬን መልሱልኝ» ብላችሁ ቁልፍ የምትጫኑበት ቦታ የለም፤ ባንኩም ራሳችሁ ያዘዛችሁትን ዝውውር ተቀባዩ ሳይስማማ እንዲሁ አይመልስላችሁም። ስለዚህ ዋጋው ከፍ ሲል አከፋፈሉን ቀይሩ። የምታምኑት አድሚን ገንዘቡን ይዞ ይቆይና ዕቃው እጃችሁ ሲገባ ለሻጩ ይልቀቅ። ሻጩ ኮምቦልቻ፣ እናንተ ደሴ ከሆናችሁ ደግሞ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ታክሲ ተሳፈሩና ሂዱ፣ ባንክ ውስጥ ተገናኙ፣ ዕቃውን በአጉሊ መነጽር አይታችሁ፣ መዝናችሁ፣ እዚያው ተቀምጣችሁ ላኩ። የትራንስፖርቱ ወጪ ከማንኛውም ኮሚሽን ይሻላል።

ሻጮች ደግሞ፣ ስክሪንሹት ማስረጃ አይደለም። በጣም ቀላል ነው መቀየሩ። የጽሑፍ መልዕክትም በራሱ አይበቃም። ሂሳባችሁን ራሳችሁ ከፍታችሁ ገንዘቡ መግባቱን እዩ፣ የዝውውር ቁጥሩን አመሳክሩ፣ ከዚያ ነው ዕቃውን አውቶቡስ ላይ የምትጭኑት። ገዢው «መኪናው ሊሄድ ነው፣ ቶሎ ስጠው» እያለ የሚያጣድፋችሁ ከሆነ የበለጠ ቀስ በሉ።

የአገልግሎት ክፍያውን በተመለከተ ከዋሌት ወደ ዋሌት፣ ከዋሌት ወደ ባንክ፣ ወኪል ጋ ሄዶ ጥሬ ብር ማውጣት፣ የየራሳቸው ዋጋ አላቸው። ታሪፉ ስለሚቀያየር አፑ «አረጋግጥ» ከማለቱ በፊት የሚያሳያችሁን ቁጥር አንብቡ። 15 በመቶ ቫት የሚታሰበው በአገልግሎት ክፍያው ላይ ነው እንጂ በምትልኩት ብር ላይ አይደለም፤ ሻጭ «የቫት» ብሎ የዕቃውን ዋጋ 15 በመቶ ካስጨመራችሁ የቫት ደረሰኝ ጠይቁት። ከሻጩ ጋር ስትስማሙም «5,000 ብር» ብቻ አትበሉ፤ «ተጣርቶ የሚገባልህ 5,000 ብር፣ የመላኪያው በእኔ» ብላችሁ ጻፉ። ትንሽ የሚመስለው ይህ ነገር ነው ሰው የሚያጣላው።

ሦስተኛ፦ ከውጭ ስትገዙ

እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ትላልቅ የሳንቲምና የቴምብር ጨረታ ቤቶች ካሸነፋችሁበት ዋጋ ላይ የገዢ ኮሚሽን ይጨምራሉ፤ ብዙዎቹ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ነው የሚያስከፍሉት። በሌላ የጨረታ መድረክ በኩል ከተጫረታችሁ መድረኩም በላዩ የራሱን በመቶኛ ሊጨምር ይችላል። ያው ጨረታ የቤቱ የራሱ ድረ ገጽ ላይ ካለ እዚያው ተመዝገቡ፤ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ማንም ሰው ዕቃውን አውጥቶ በሚሸጥበት የኦንላይን ገበያ በኢቤይ ላይ ግን ኮሚሽኑን በዋናነት የሚከፍለው ሻጩ ነው፣ ገዢው ላይ የሚጨመረው ማጓጓዣና ታክስ ነው።

የመክፈያ መንገዶቹ በዋናነት ሦስት ናቸው። ለአዲስ ገዢ የምመክረው ካርድ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ካላችሁ ባንካችሁ በውጭ አገር የሚሠራ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ይሰጥ እንደሆነ ጠይቁ፣ ኦንላይን ለመክፈል መከፈቱንም አረጋግጡ። ካርድ ጥሩነቱ ዕቃው ካልመጣ በባንኩ በኩል ክፍያውን መቃወም ይቻላል። ድረ ገጹ «በአገርህ ገንዘብ ላስከፍልህ?» ካላችሁ እምቢ በሉና ሻጩ በሚሸጥበት ገንዘብ ክፈሉ። ያ ምቾት የሚመስለው ነገር የባሰ ምንዛሪ ነው።

ሁለተኛው ፔይፓል ነው፣ የኦንላይን መክፈያ አገልግሎት። ከኢትዮጵያ ለመክፈል ይሠራል፣ ለመቀበል ግን አይሠራም። ስትከፍሉ «ለዕቃና ለአገልግሎት» የሚለውን ምረጡ። ሻጩ «ኮሚሽን እንዳይቆረጥብኝ ለጓደኛና ለቤተሰብ በሚለው ላክልኝ፣ ቅናሽ አደርግልሃለሁ» ካለ ተዉት። በዚያ መንገድ የሄደ ገንዘብ የገዢ ጥበቃ የለውም። ሁለት ሦስት ዶላር ለማትረፍ ሙሉውን ማጣት አይሆንም፣ በፍጹም።

ሦስተኛው የባንክ ሐዋላ ነው፣ ስዊፍት። ለትልቅ ዋጋ ይሆናል፣ ለትንሽ ግን የማስተላለፊያው ቋሚ ክፍያ ዕቃውን ሊያክል ይችላል። ቅጹ ላይ ክፍያውን ማን እንደሚሸፍን የሚጠየቅበት ቦታ አለ። «አወር» (OUR) ማለት ሁሉንም እኔ እከፍላለሁ ነው፣ «ሻ» (SHA) ማለት እንካፈል፣ «ቤን» (BEN) ማለት ተቀባዩ ይክፈል። የጨረታ ቤቱ ሙሉ ሂሳቡ ካልገባለት ዕቃውን አይለቅም፤ መሃል ላይ ያለው ባንክ 20 ወይም 25 ዶላር ቢቀንስ እንኳ ያን ለማሟላት ሌላ ሐዋላ ልትልኩ ነው። ስለዚህ «አወር» በሉ።

ውጭ ያለ ዘመድ ይክፈልልኝ የምትሉም አላችሁ። ስጦታ ከሆነ መልካም። እዚህ ብር ሰጥታችሁ እዚያ ዶላር የሚከፈል ከሆነ ግን ከባንክ ውጭ የሚደረግ ምንዛሪ ነው፣ የተከለከለ ነው። በተጨማሪም የካርዱ ስምና የአካውንቱ ስም ሲለያይ ድረ ገጹ በማጭበርበር ጠርጥሮ ሊዘጋችሁ ይችላል፤ ዘመዳችሁ በራሱ አካውንት ቢገዛ ይሻላል።

አራተኛ፦ ጣሪያችሁን ከታች ወደ ላይ አስሉ

ብዙ ሰው ተጫርቶ ካሸነፈ በኋላ ነው ካልኩሌተር የሚያወጣው። ገልብጡት። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ጠቅላላ 150 ዶላር ነው እንበል። የካርድና የምንዛሪ ክፍያ 3 በመቶ ነው፤ 150ን ለ1.03 ስታካፍሉ 145.6 ይመጣል። ማጓጓዣና ኢንሹራንስ 30 ዶላር ነው፤ ስትቀንሱ 115.6 ይቀራል። የገዢ ኮሚሽን 20 በመቶ ነው፤ ለ1.20 ስታካፍሉ 96 ዶላር ገደማ። የእናንተ ጣሪያ 96 ነው። 150 ይዛችሁ 96 ላይ ማቆም ያናድዳል፣ አውቃለሁ፣ ሂሳቡ ግን ይኸው ነው። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉና ጨረታው ሲሟሟቅ አትንኩት።

የብሩን ሂሳብ ደግሞ በዕለቱ ምንዛሪ ብቻ አትዝጉ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ካሸነፋችሁበት ቀን እስከምትከፍሉበት ቀን ሊንቀሳቀስ ይችላል። ትንሽ ቦታ ተዉለት።

ከባቲ አካባቢ ለሚመጣው ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ትሬዛ ምስል ላለበት የድሮ የብር ሳንቲም፣ አንድ መመዘኛ ልስጣችሁ። ማርያ ትሬዛ ላይ 1780 መጻፉ ብቻውን ዋጋ አይጨምርም፤ ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ያንኑ ዓመት እንደያዘ በተለያዩ አገሮች ሲሠራ ኖሯል። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ሲሆን ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ያህል ነው። የዕለቱን የብር ማዕድን ዋጋ በዚህ አባዙ። ከዚያ በጣም ባነሰ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ዕቃውን ተጠራጠሩ፤ ኮሚሽንና ማጓጓዣ ተደምሮ ከዚያ በብዙ ከበለጠ ደግሞ የምትገዙት ክፍያውን ነው፣ ሳንቲሙን እዚሁ ፈልጉ።

አምስተኛ፦ እናንተ ሻጭ ከሆናችሁ

ኢቤይ ላይ በአብዛኛው ዘርፍ ሻጩ 13 በመቶ ገደማና በየትዕዛዙ ትንሽ ቋሚ ክፍያ ይከፍላል። ሰው የሚሳሳተው በመቶኛው በምን ላይ እንደሚታሰብ ነው። ገዢው በከፈለው ጠቅላላ ላይ ነው፣ ማጓጓዣውም ታክሱም ውስጥ ይገባል። 40 ዶላር የተሸጠ ቴምብር 20 ዶላር ማጓጓዣ ካለው ታክሱን ሳንቆጥር 13 በመቶ የሚታሰበው ከ60 ነው፣ 7.80፤ ከ40 ሳንቲም ቋሚ ክፍያ ጋር 8.20። ከዕቃው ዋጋ አንጻር 20 በመቶ ተኩል ሄደ ማለት ነው። ርካሽ ቴምብሮችን አንድ በአንድ ከመሸጥ በጥቅል መሸጥ የሚያዋጣው ለዚህ ነው።

«በሌላ አገር አድራሻ ፔይፓል ከፍቼ ልስጥህ» የሚል ሰው ካገኛችሁ አመስግናችሁ እለፉት። ገንዘብ ሲገባበት መታወቂያ ይጠየቃል፣ ካልተመሳሰለ ይታገዳል። ከውጭ ክፍያ የምትቀበሉት በባንክ፣ በደረሰኝ፣ በስማችሁ ይሁን።

ስድስተኛ፦ መላክና መቀበል

የዓለም ፖስታ ኅብረት ደንብ ሳንቲምና የወረቀት ገንዘብ ዋስትና በሌለው ተራ ደብዳቤ እንዳይላክ ይከለክላል። መከታተያ ቁጥር ያለው፣ ኢንሹራንስ የተገባለት ይሁን። ሻጩ «ቀረጥ እንዲቀንስልህ 10 ዶላር ብዬ ልጻፍ» ካለ እንቢ በሉ፤ ሐሰተኛ መግለጫ ነው፣ ዕቃው ከጠፋም የሚካሳችሁ 10 ዶላር ነው። ጉምሩክ ማጓጓዣውንና ኢንሹራንሱን ጨምሮ ስለሚያሰላ ኢንቮይሱን አትማችሁ ያዙ።

ጥቅሉን ስትከፍቱ ከማኅተሙ ጀምሮ በቪዲዮ ቅረጹ። ፔይፓል ላይ ክርክር መክፈት የሚቻለው ከከፈላችሁበት ቀን ጀምሮ በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ የሚቆጠረው ዕቃው ከደረሰበት ቀን አይደለም። ፖስታ ወደ እኛ ሲመጣ ስለሚዘገይ «ትንሽ ታገስ» እየተባላችሁ ቀኑ እንዳያልፍ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ። ቀኑ ሲቃረብ ክርክሩን ክፈቱ። ሻጩ «ዝጋው፣ ከዚያ እልክልሃለሁ» ቢላችሁም ዕቃው እጃችሁ ሳይገባ አትዝጉ፤ አንዴ የተዘጋ ክርክር እንደገና አይከፈትም።