የአላርም ባትሪ ስንት አምፒር ይበቃል? ከቅዳሜ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት

ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኬ ጮኸ። መገናኛ አካባቢ የሞባይል ሱቅ ያላቸው ደንበኛዬ ናቸው። «ልጄ፣ ያ አላርም የት ሄዶ ነው?» አሉኝ። ስደርስ የጓሮው በር ተፈልቅቋል። መደርደሪያው ባዶ ነው። ኮድ የሚገባበት ሰሌዳ፣ ኪፓዱ ላይ፣ አንዲት መብራት እንኳን አትበራም።

መብራት የጠፋው ቅዳሜ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነበር። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ እሁድን ሙሉ አልመጣም። ጄኔሬተር ያለው የጎረቤት ሕንጻ ካሜራ ላይ እንዳየነው፣ ሌቦቹ የገቡት ሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በመሃሉ 27 ሰዓት አለ። ፓነሉ፣ ማለትም የአላርሙ ዋና ሳጥን፣ ውስጥ ያለው ባለ 7 አምፒር ባትሪ ግን ከዚያ በፊት አልቆ ነበር።

ያንን ባትሪ የገጠምኩት እኔ ነኝ። 7 ያደረግኩበት ምክንያት ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ሳጥኑ የሚይዘው እሱን ነበር። ከዚያ ወዲህ ባትሪ በሳጥን ልክ መርጬ አላውቅም። ቀድሜ አሰላለሁ። ስሌቱ ቀላል ስለሆነ ባለሱቁም፣ ባለቤቱም፣ ገጣሚውም ሊሠራው ይችላል።

ከባትሪው በፊት ሰዓቱን ቁጠሩ። ቤቱ ማንም ሳይኖርበት ተዘግቶ የሚቆየው ቢበዛ ስንት ሰዓት ነው? የደንበኛዬ ሱቅ ቅዳሜ 12 ሰዓት ማታ ይዘጋል፤ ሰኞ 2 ሰዓት ጠዋት ይከፈታል። 38 ሰዓት ማለት ነው። ሰው የሚያድርበት መኖሪያ ቤት ከሆነ መብራት መጥፋቱን የሚያይ አለ፣ ስለዚህ ያነሰ ይበቃል። ኢኤን 50131 የሚባለው የአውሮፓ የአላርም መስፈርት ዝቅ ያለ ስጋት ላለበት ደረጃ 2 ሲስተም 12 ሰዓት፣ ከፍ ያለ ስጋት ላለበት ደረጃ 3 ደግሞ 60 ሰዓት መጠባበቂያ ይጠይቃል። እኔ 12ቱን እንደ ወለል ነው የማየው። መብራት ጠፍቶ በማግስቱ ላይመጣ በሚችልበት ሰፈር፣ ባዶውን ለሚያድር ሱቅ 12 ሰዓት ምንም አይደለም። «ጄኔሬተር አለን» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እሁድ ሌሊት ማን ሊያስነሳው?

ቀጥሎ የሚያስፈልገው፣ ሲስተሙ ዝም ብሎ ሲጠብቅ የሚበላው ኃይል ነው። የእያንዳንዱ ዕቃ መመሪያ ላይ በሚሊአምፒር ተጽፏል፤ ደምሩት። የዚያ ሱቅ ይህን ይመስላል፦ ፓነሉ 100፣ ኪፓዱ 60፣ አራት የእንቅስቃሴ ሴንሰሮች እያንዳንዳቸው 15 ሆነው 60፣ በሲም ካርድ መልእክት የሚልከው መሣሪያ 60፣ የውጭው ሳይረን ሳይጮህ 20። ድምሩ 300 ሚሊአምፒር ነው፤ 0.3 አምፒር በሉት። በር ላይ የሚለጠፉት የማግኔት ሴንሰሮች ባለ ሽቦ ከሆኑ ሂሳብ ውስጥ አይገቡም።

ወረቀቱን ብቻ ግን አትመኑ። በመልቲሜትር ለኩት። አለካኩ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ አንዳንድ ፓነል በባትሪ ብቻ አይነሳም። ስለዚህ 220ው ሳይቋረጥ ከባትሪው ፕላስ ላይ ቀዩን ሽቦ ንቀሉ፤ ሜትሩን በ10 አምፒር ቀዳዳው አድርጋችሁ በባትሪውና በሽቦው መካከል አስገቡት። ከዚያ በኋላ ብሬከሩን አጥፉ። ባትሪው ቻርጅ እየተደረገ ስለነበር ቁጥሩ መጀመሪያ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ መብራቱ ሲቋረጥ ማይነሱ ይገለበጣል። የኪፓዱ መብራት እስኪደበዝዝ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁና የረጋውን ቁጥር ጻፉ። ሜትሩ በአምፒር ላይ እያለ ሁለቱን ጫፎች የባትሪው ፕላስና ማይነስ ላይ በቀጥታ አታስነኩ። ሾርት ነው፤ እጅ ያቃጥላል።

አሁን ስሌቱ። 0.3 አምፒር በ38 ሰዓት ሲባዛ 11.4 አምፒር ሰዓት ይሆናል፤ ባትሪን «ባለ 7 አምፒር» ስንል በአጭሩ የምንጠራው ይህንኑ አምፒር ሰዓት ነው። ሳይረኑ ሲጮህ ጠቅላላው ወደ 1 አምፒር ይወጣል። ለግማሽ ሰዓት ጩኸት 0.5 ጨምሩበት፤ 11.9 ሆነ። በዚህ አታቁሙ። ባትሪ ያረጃል። ከሦስት ዓመት በኋላ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አይሰጥም። ስለዚህ በ1.25 አባዙት። 14.9 ይመጣል። ገበያ ላይ ከዚያ በላይ ያለው ቅርብ ባትሪ ባለ 17 ወይም ባለ 18 ነው።

ያ ባለ 7 ባትሪ በዚህ ሂሳብ ሲታይ አዲስ እያለ እንኳን የሚቆየው 23 ሰዓት አካባቢ ነው። 27 ሰዓቱን በምንም መንገድ አይደርስም ነበር። «7 አምፒር» የሚለው ቁጥርም ራሱ 0.35 አምፒር ለ20 ሰዓት ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ ከሳባችሁበት ከ7 ያንስባችኋል።

ትልቅ ባትሪ ስትገዙ ግን ቻርጀሩን አትርሱ። እዚህ ላይ ብዙ ገጣሚ ይስታል። ብዙ የአላርም ፓነሎች ባትሪውን የሚሞሉት 0.35 አምፒር በሚሆን ኃይል ነው። ባዶ የሆነ ባለ 18 ባትሪ በዚህ ፍጥነት ለመሙላት ሁለት ቀን ተኩል ያህል ይፈልጋል። መብራት በየቀኑ እየሄደ ከመጣ ባትሪው ሳይሞላ ይከርማል፤ ኪፓዱ ግን ደህና ነው ይላችኋል። አንዳንድ ፓነል ላይ የቻርጅ መጠኑን ከፍ የሚያደርግ ቅንብር አለ፤ መመሪያውን ክፈቱና ፈልጉት። ከሌለ የራሱ ባትሪ፣ ቻርጀርና ሳጥን ያለው ተጨማሪ ፓወር ሰፕላይ አስገቡ። የተለያየ ዕድሜ ያላቸውን ሁለት ባትሪዎች ጎን ለጎን አታገናኙ፤ አሮጌው አዲሱን ይዞት ይወርዳል። የመኪና ባትሪ ደግሞ ቤት ውስጥ አይግባ። ጋዝ ያወጣል፤ የተሠራውም ሞተር ለማስነሳት እንጂ ቀስ እያለ እስከ ታች ለመጠቀም አይደለም።

ሲገዛ፦ ሜትራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሞልቶ የተቀመጠ ባትሪ 12.8 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12.4 በታች ከሆነ መደርደሪያ ላይ ከርሟልና ተዉት። ክብደቱንም እዩ። እውነተኛ ባለ 7 ከ2 ኪሎ በላይ ነው፤ ቀላል ከሆነ ውስጡ ያለው እርሳስ አንሷል ማለት ነው።

ቦታውም ይወስነዋል። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የባትሪው ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። ድሬዳዋ ላይ ያለ ሱቅ አዲስ አበባ ካለው ቀድሞ መቀየሩ አይቀርም። አዲስ አበባም ቢሆን ፓነሉን ከኮርኒስ በላይ ቆርቆሮ ስር አትስቀሉት። እኔ በየሦስት ዓመቱ እቀይራለሁ። እስከ መጨረሻው ተሟጦ ለቀናት ባዶ የተቀመጠ ባትሪ ካገኘሁ ዕድሜውን አልጠብቅም፤ ወዲያው አወጣዋለሁ።

በመጨረሻ ፈትኑት። የሞባይል ሱቁን እንደገና ስገጥም ባለ 18 ባትሪ ከራሱ ፓወር ሰፕላይ ጋር አስገባሁ። ከባለቤቱ ጋር ተነጋግረን አንድ ቅዳሜ ማታ ሲዘጉ የአላርሙን ብሬከር አጠፋን። ልጃቸው ሁለቱንም ሌሊት ሱቁ ውስጥ አደረ። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሜትሩን ሳስነካ 12.1 ቮልት አሳየኝ። ፓነሉ የሚጠፋው 10.5 አካባቢ ሲደርስ ነው። የጓሮውን በር ከፈትኩ፤ ሳይረኑ ጮኸ፤ መልእክቱም ስልካቸው ላይ ገባ። ብሬከሩን መለስኩና የገጠምኩበትን ቀን ባትሪው ጎን ላይ በማርከር ጻፍኩት።