አዳኝ ቡችላ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ቡቺ የ9 ወር ቡችላ ሳለች ነው ሰው ፊት ጉድ የሠራችኝ። ሚኒሶታ ውስጥ፣ በቆሎ ማሳ ዳር ካለ ረጅም ሣር ገብታ ድርቅ አለች። አንድ የፊት እግሯ ተንጠልጥሏል፣ ጭራዋ እንደ እንጨት ቀጥ ብሏል። የጀርመን ዝርያ ናት። ሥራዋ ወፍ አሽትታ መቆም፣ ከዚያም እኛ እስክንደርስ መጠበቅ ነው። ሦስት እርምጃ ሲቀረኝ ዘልላ ገባች። ፌዛንቱ ተነሳ፤ እሷም እስከ ሚቀጥለው ማሳ ድረስ ተከተለችው። ጓደኛዬ በሳቅ ሞተ። እኔ ጮህኩባት። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው።

ፌዛንት ለማታውቁ፣ የቆቅ ዘመድ ነው። አውራው ጭራ ረጅም፣ ላባው የሚያብረቀርቅ ነው። ከእስያ መጥቶ አሜሪካን አገሩ ያደረገ ወፍ ነው። ከመብረር በፊት ሣር ውስጥ ለውስጥ መሮጥ ይወዳል። ለጀማሪ ውሻ ከባድ ፈተና ነው።

ቆማ ሳለ ዘልላ ወፉን ታስነሳለች

ይሄ ዋናው ችግር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አንድ ነው፦ ውሻዋ ከዚህ በፊት ወፍ ይዛለች። እኔ በጋውን ያሠለጠንኳት ከእርባታ በተገዙ ድርጭቶች ነበር። ጠዋት ጤዛ ላባቸውን አረጠበውና መብረር አቃታቸው። ሁለቱን በአፏ ለቀም አደረገቻቸው። በእሷ ቤት ትምህርቱ አልቋል፦ ከቆምኩ ያመልጠኛል፣ ከዘለልኩ እይዘዋለሁ።

መፍትሄው ይህን ሒሳብ መገልበጥ ነው። ወደ ቤታቸው መመለስ የሚያውቁ ጠንካራ እርግቦችና በሪሞት የሚከፈት ማስፈንጠሪያ ሳጥን ያስፈልጋል። ሳጥኑን ሣር ውስጥ ደብቁ። ውሻዋን 10 ሜትር ገመድ አስራችሁ፣ ነፋሱ ከጎን እየነፈሰ አምጧት፤ ሽታው ገና ከሩቅ አፍንጫዋ እንዲገባ። አሽትታ ከቆመች እናንተም ቁሙ፣ ዝም በሉ። አንድ እርምጃ ወደፊት ከሄደች ሪሞቱን ተጫኑ። እርግቧ በረረች፣ አለቀ። ጩኸት የለም፣ ዱላ የለም። ገመዱን ብቻ ያዝ አድርጉት። ውሻዋ አፍንጫዋን ከሳጥኑ ላይ ደቅና ሳለ ግን እንዳትከፍቱት። ድምፁ ካስደነገጣት ቀጥሎ የወፍ ሽታ ስትሰማ ዞራ መሄድ ትጀምራለች፤ ያንን ማስተካከል ከዚህኛው ይብሳል።

መስክ ላይ ደግሞ እሷ አባርራ ያስነሳችውን ወፍ አትተኩሱ። ይሄ ለውሻዋ ሳይሆን ለሰውየው ነው የሚከብደው! ሳምንት ሙሉ ጠብቃችሁ፣ አውራው ፊታችሁ ሲነሳ ጣት ይበላል። ግን አንድ ጊዜ ከተኮሳችሁ የወራት ልፋት ገደል ገባ። እዚህ ሚኒሶታም ሆነ ጎረቤት ግዛት ሳውዝ ዳኮታ የሚፈቀደው አውራውን መግደል ብቻ ስለሆነ፣ ሴቷ ፌዛንት ስትነሳ ሳትተኩሱ፣ ውሻዋ ቆማ እንድታይ ማለማመጃ አድርጉት።

ተኩስ ስትሰማ እግራችሁ ሥር ትወሸቃለች

ይሄ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው። «ትልመደው» ተብሎ ቡችላ ተኩስ መለማመጃ ቦታ ይወሰዳል። በምንም ዓይነት እንዳታደርጉት። መጀመሪያ ወፍ እስክታብድ ድረስ ትውደድ። ከዚያ እያባረረች ሳለ፣ አንድ ሰው 100 ሜትር ያህል ርቆ ጥይት በሌለው መለማመጃ ሽጉጥ አንዴ ይተኩስ። ዞር ብላ ካላየች በሌላ ቀን ትንሽ ቀረብ ይበል። ጆሮዋን ካጣፈች ወይም ጭራዋን እግሯ መሃል ከወሸቀች ወደ ኋላ ተመለሱ። ትልቁ ባለ 12 ጌጅ የአደን ጠብመንጃ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። ቀድሞውኑ ከፈራች ለወራት ተኩስ የሚባል አታሰሟት፤ ወፍ ብቻ። አልሻል ካለ ሥራው የባለሙያ አሠልጣኝ ነው። የጁላይ 4፣ የአሜሪካ ነጻነት ቀን፣ ርችት ምሽት ቤት ውስጥ፣ ሬዲዮ ተከፍቶላት ትደር።

ስትጠሯት አትመጣም

እኛ ቤት ባለቤቴ «ነይ»፣ ልጆቹ «ካም»፣ እኔ «ቡቺ፣ ቡቺ፣ ቡቺ» እንል ነበር። የቱን ትስማ? ሁላችንም በፊሽካ ተስማማን፤ ሁለት አጭር። አንዴ ንፉ፣ ካልመጣች በገመዱ ሳብ አድርጓት፣ ስትደርስ አሞግሷት። ጠርታችሁ አትቆጧት፤ ሁለተኛ አትመጣም።

ወፉን ታኝካለች ወይም ይዛው ትሸሻለች

የምትሸሸው ስለምታባርሯት ነው፤ ለእሷ ጨዋታ ነው። የምታኝከው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአፏ ስለምትነጥቋት ነው። በተለይ ከ4 እስከ 6 ወር ጥርስ ስትቀይር በጨርቅ ጉተታ አታጫውቷት። አንዳንዷ ቡችላ መጀመሪያ ያገኘችው ያልሞተ አውራ ሆኖ በእግሩ እሾህ ቧጭሯት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ጨፍልቃ መያዝ ትጀምራለች። ቤት ውስጥ በጠባብ ኮሪደር፣ በሞተና በቀዘቀዘ እርግብ ጀምሩ። ማምለጫ ስለሌላት ወደ እናንተ ትመጣለች። ቁጭ በሉ፣ ወፉ አፏ ውስጥ እንዳለ ደረቷን እሹላት። ከዚያ በእርጋታ ተቀበሏት።

በድንገት ሰነፈች

ከመቆጣት በፊት ገላዋን ፈትሹ። ባለፈው ጥቅምት ቡቺ ሜዳው መሃል ቁጭ ብላ አልነሳም አለች። «ምን ሆንሽ ደግሞ?» ብዬ ልቆጣ ስል የፊት እግሯን ስትልስ አየኋት። በጣቶቿ መሃል የሾለ የሣር ዘር ቆዳዋን በስቶ ገብቷል። እንዲህ ያለው ዘር እንደ ቀስት ጫፍ ወደፊት እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም፤ ጥልቅ ከገባ ወይም ጆሮ ውስጥ ከሆነ በእጅ አትነካኩት፣ የእንስሳት ሐኪም ጋ ነው። የቡቺ ጫፉ ይታይ ነበር። ጓደኛዬ በጥፍሩ ሞከረ፣ እኔ በጥርሴ ልሞክር ነበር። አሁን የጥይት ኪሴ ውስጥ ወረንጦ አለ።