ጎንደር ለሚመጣ እንግዳ የጠጅና የቡና መስተንግዶ እንዴት እንደሚዘጋጅ

ወንድሜ የሚስቱን ወላጆች ይዞ ጎንደር በመጣ ጊዜ ጥሩ ክፍልና ጥሩ መኪና አዘጋጀሁ፤ ጠጁን ግን በደረሱበት ዕለት ከአንድ ጠጅ ቤት በጀሪካን አስመጣሁ። ቀለሙ ደማቅ ቢጫ ነበር፤ ጣፋጭነቱ ከንፈር ላይ ይጣበቃል። በማግስቱ አማቹ ራሳቸውን ይዘው አልጋ ላይ ዋሉ፤ ፋሲል ግቢን ሳያዩ ተመለሱ። ይህን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ የእንግዳ ዝግጅት የምጀምረው ከአንድ ወር በፊት፣ ጠጅ በማስጣል ነው።

1. ጠጁን አስቀድማችሁ አስጥሉ። ማሩን ራሳችሁ ግዙ፤ ከነሰፈፉ ያለው ይሻላል፣ ስኳር የተቀላቀለበትን ማር በዓይን መለየት ከባድ ነውና። ከዚያ ጠጅ መጣል ለምታውቅ እናት ስጡ። እኔ የማስጥልባቸውን እናት መጀመሪያ ቀን “እትዬ፣ ውሃው ስንት ይሁን?” ብዬ ጠየቅኋቸው። “ለአንድ ማር ሦስት ውሃ። ከዚያ በላይ ካቀጠንኸው እንግዳህን ውሃ አጠጣህ ማለት ነው” አሉኝ።

ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ማሩ በውሃ ተበጥብጦ ሁለት ሦስት ቀን ከተቀመጠ በኋላ የተንሳፈፈው ሰፈፍ ይገፈፋል፤ ጌሾውም ይገባል። ለጠጅ የሚሆነው የጌሾው እንጨት ነው፤ ቅጠሉን ለጠላ ተዉት። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ መፍላቱን ያዘገየዋል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለቆላ አገር የሚነገረውን የቀን ቁጥር እዚህ አትመኑ። ጆሯችሁን ወደ ጋኑ አፍ ጠጋ አድርጉ፤ ሲንተከተክ ከሰማችሁ ገና ነው። ድምፁ ሲሰክን ቅመሱ። ማሩ ፊት ቀድሞ የጌሾው ምሬት ጉሮሮ ላይ ከተከተለ ደርሷል፣ ይጠለል። ምሬቱ ከሌለ ምንም ቢያምር እንግዳ ፊት አታቅርቡት።

የወይን ጠጅ ለሚመርጥ የአገር ውስጡን፣ ከዝዋይ የሚመጣውን ወይም ጉደርን ያዙለት።

2. ማረፊያ። ከተማውን ቁልቁል የሚያሳይ ክፍል ያዙ፤ ጎሃ ሆቴል ያለበት ኮረብታ ለዚህ ይመቻል።

3. ጠዋቱ ለግንቡ ይሁን። አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. የቆረቆሩትን ከተማ ፀሐዩ ሳይበረታ ማየት ይሻላል። ደብረ ብርሃን ሥላሴንም ጨምሩ፤ ጣሪያው ላይ የተሳሉትን መላእክት ቀና ብሎ ለማየት ያልደከመ አንገት ያስፈልጋል። በቀን ጠጅ አይቀመስም።

4. ቡናው ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ቤት። የሆቴል መግቢያ ላይ ረከቦት አስቀምጠው በማሽን የተፈጨ ቡና የሚያቀርቡ አሉ፤ እኔ እንግዳ አልወስድባቸውም። ቡናው ፊታቸው ይታጠብ፣ ይቆላ፣ ምጣዱ እየዞረ ጭሱን ያሽትቱት፣ ሙቀጫ ውስጥ ይወቀጥ። ቄጤማ፣ ዕጣንና ቆሎ አይጉደሉ። ሁለት ሰዓት መድቡ፤ አቦል ጠጥቶ መነሣት የቤቱን እመቤት ያስከፋል፣ ቶናና በረካ አሉ። በመሃል ይህን ንገሯቸው፦ በግንቡ ነገሥታት ዘመን ቡና የሙስሊሞች መጠጥ ተደርጎ ስለሚታይ አብዛኛው ክርስቲያን አይጠጣውም ነበር። ዛሬ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኘው በዚሁ ጀበና ዙሪያ ነው።

5. ማታ ጠጅ በብርሌ፣ ከዶሮ ወጥ ጋር። ቀኑ ጾም ከሆነ ሽሮውም ይበቃዋል። ብርሌው አንገቱ ድረስ አይሞላ፤ በቀስታ ይቀዳ፣ ውሃም አጠገቡ ይቅረብ።

የተረፈውን ጠጅ ይዘው መሄድ ከፈለጉ ጠርሙሱን አትሙሉት፣ ክዳኑንም አታጥብቁት፤ መፍላቱን ጨርሶ አላቆመም። በአውሮፕላን ለሚመለሱ ግን ከዚያው ማር ቋጥሩላቸው።