ቡት ኦርደር ስትቀይሩ እንዳትሳሳቱ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ደወለልኝ። አሮጌ ላፕቶፕ ፎርማት እያደረገ ነበር። «መጫኑን አልጨርስ አለኝ» አለ። ባዮስ የሚባለው የማሽኑ መነሻ ቅንብር ውስጥ ገብቶ፣ የዊንዶውስ መጫኛውን የያዘውን ፍላሽ ከሚነሱት አንደኛ አድርጎታል። ዊንዶውሱ ፋይሎቹን ገልብጦ ሲጨርስ ራሱን ሪስታርት አደረገ። ከዚያ ቋንቋ ምረጥ የሚለው የመጀመሪያው ገጽ ተመልሶ መጣ። እንደገና ጫነው። እንደገና መጣ። የደወለልኝ ሦስተኛው ዙር ላይ ነው። «ፍላሹን ንቀልና ሪስታርት አድርገው» አልኩት። ተነሳለት።

ማሽኑ ምንም አልሆነም ነበር። የታዘዘውን ነው የሠራው። ኮምፒውተር ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነቃ ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ነው የሚኖረው። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ትክክለኛ ስሙ ዩኢኤፍአይ ቢሆንም ሁላችንም ባዮስ እንለዋለን። ሥራው የታክሲ ተራ አስከባሪ ሥራ ነው። የተሰለፉትን ከፊት ጀምሮ ያያል፤ መነሳት የሚችለውን የመጀመሪያውን ይልካል። ፍላሹ ፊት ከቆመ፣ ሪስታርት ባደረገ ቁጥር ፍላሹን ይልካል። ቡት ኦርደር የሚባለው ያ ሰልፍ ነው።

ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ ካበቃ ወዲህ በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነውን ሊነክስ ልጫን፣ ዊንዶውስ 11 ልጫን የሚል ወዳጅ በዝቶብኛል። ሁሉም ይህን ሰልፍ ይነካካሉ። የሚሳሳቱትም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ቦታ ላይ ነው።

ለአንድ ቀን ሥራ ሰልፉን ማፍረስ

የአክስቴ ልጅ ስህተት ይሄ ነው። ከፍላሽ አንድ ጊዜ ብቻ መነሳት ለፈለገ ሰው ባዮስ ገብቶ ሰልፉን መቀየር አያስፈልገውም። ቡት ሜኑ የሚባል ነገር አለ። ሰልፉን ሳትነኩ «ዛሬ ይሄ ይውሰደኝ» ብላችሁ ኮንትራት እንደመያዝ ነው። በሚቀጥለው ሪስታርት ሁሉም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ማሽኑ ሲበራ ሜኑውን የሚያመጣው የኪቦርድ ቁልፍ እንደ ማሽኑ ይለያያል። ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12 ነው። ኤችፒ ላይ መጀመሪያ ኢስኬፕ፣ ከዚያ ኤፍ 9። አሱስ ላፕቶፖች ላይ ኢስኬፕ። ኤሰርም ኤፍ 12 ነው፤ ግን ብዙዎቹ ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ ተዘግቶ ስለሚመጣ፣ አንድ ጊዜ በኤፍ 2 ባዮስ ገብታችሁ ኤፍ 12 ቡት ሜኑ የሚለውን መክፈት ይኖርባችኋል። አንዳንድ የሌኖቮ አይዲያፓዶች ደግሞ በጎን በኩል በመርፌ የሚነካ ቀዳዳ የምታክል ቁልፍ አለቻቸው። ማሽኑ ጠፍቶ እሷን ስትጫኑ ሜኑው ራሱ ይመጣል። እኔ ይህቺን ቁልፍ የፈጠረውን ሰው አደንቃለሁ።

ሰልፉን በቋሚነት መቀየር የሚያስፈልገው ሁለት ዲስክ ያለው ማሽን ላይ አዲሱን ኤስኤስዲ ከአሮጌው ሃርድ ዲስክ ማስቀደም ሲፈልጉ፣ ወይም ሊነክስና ዊንዶውስ አብረው ሲኖሩ ነው። ሌላ ብዙ ምክንያት አላገኘሁለትም።

ያልጠፋን ማሽን ጠፍቷል ማለት

«ባዮስ ልግባ ብዬ ኤፍ 2 ብጫን ብጫን እምቢ አለ» የሚል ስሞታ የብዙ ሰው ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ስትሉት ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ዋና ክፍሉን ዲስክ ላይ አስተኝቶ ነው የሚሄደው። ሲነሳም በጥድፊያ ነው፣ ጣታችሁ ቁልፉ ላይ ሳይደርስ ያልፋችኋል። ሪስታርት ግን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ስለዚህ ሺፍት ቁልፍን ይዛችሁ ሪስታርት የሚለውን ንኩ። በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ትራብልሹት፣ ከዚያ አድቫንስድ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ዩኢኤፍአይ ፈርምዌር ሴቲንግስ በሉ። ምንም ቁልፍ መቀጥቀጥ ሳያስፈልግ በቀጥታ ባዮስ ውስጥ ያስገባችኋል።

ላፕቶፕ ላይ ኤፍ 2 ድምፅ ወይም ብርሃን መቀነሻ ከሆነ ኤፍኤን ቁልፍን አብራችሁ ያዙ። ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ የብሉቱዝ ኪቦርድ እዚህ ሰዓት ላይ ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ባለገመዱን ፈልጉ።

ያልተዘጋጀ ፍላሽ ሰክቶ ባዮሱን መውቀስ

የአይኤስኦ ፋይልን፣ ማለትም መጫኛውን በሙሉ የያዘውን አንድ ፋይል፣ ኮፒ ፔስት አድርጎ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ፍላሹን የሚነሳ አያደርገውም። ሩፈስን በመሰለ ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ፍላሹንም ማሽኑ ከመብራቱ በፊት ሰኩት። ባዮስ ከገባችሁ በኋላ ከሰካችሁት ዝርዝሩ ውስጥ ላታዩት ትችላላችሁ። አሮጌ ማሽኖች ላይ ፍላሹ ራሱን ችሎ ሳይሆን ሃርድ ዲስክ በሚለው ውስጥ ተደብቆ ይገኛል።

ሌጋሲና ዩኢኤፍአይን ማቀያየር

ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው ይሄኛው ነው። ፍላሹ አልታይ ሲል ሰው እዚያው ገጽ ላይ ቡት ሞድ የሚል ነገር ያያል። ዩኢኤፍአይ የሚለውን ሌጋሲ፣ ማለትም የድሮው የባዮስ አነሳስ፣ ያደርገዋል። ፍላሹ ይታያል፣ ደስ ይለዋል። በኋላ ሐሳቡን ቀይሮ ወደ ዊንዶውሱ ልመለስ ሲል ጥቁር ስክሪን ላይ «ኖ ቡተብል ዲቫይስ»፣ የምነሳበት ዲስክ አላገኘሁም፣ የሚል ጽሑፍ ይጠብቀዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለቱ የተለያየ የዲስክ አከፋፈል ነው የሚያነቡት። ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ ሲጫን ዲስኩ በጂፒቲ መከፈል አለበት፤ በሌጋሲ ሲጫን በኤምቢአር። ጂፒቲ ላይ የተጫነ ዊንዶውስ ያለበትን ማሽን ሌጋሲ ስታደርጉት፣ ተራ አስከባሪው ታክሲውን ቆሞ ያየዋል ግን ሾፌሩን አያገኘውም። ፋይሎቻችሁ እዚያው አሉ። አንዲት የማውቃት ልጅ እንዲህ የሆነባትን ላፕቶፕ ጥገና ቤት ወስዳ «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል» ተብላ አዲስ ልትገዛ ነበር። ቡት ሞዱን ወደ ዩኢኤፍአይ ስመልሰው የዩኒቨርሲቲ መመረቂያ ጽሑፏ ጭምር ሳይነካ ተነሳ። የፈጀብኝ ሁለት ደቂቃ ነው።

ስለዚህ ከመንካታችሁ በፊት ያላችሁበትን እወቁ። ዊንዶውስ መፈለጊያው ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽን ብላችሁ ክፈቱና ባዮስ ሞድ ከሚለው ትይዩ ያለውን አንብቡ። ዩኢኤፍአይ ካለ ፍላሹን ሩፈስ ላይ በጂፒቲ አዘጋጁ እንጂ ማሽኑን ወደ ፍላሹ አትጎትቱት። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ያሰበ ሰውማ ዩኢኤፍአይ ከዋናዎቹ መስፈርቶች አንዱ ነው።

የቢትሎከርን ቁልፍ ሳይዙ መግባት

ቢትሎከር የሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ ዲስኩን ይቆልፋል። ቁልፉ የሚጠበቀው ማሽኑ ውስጥ ባለ ቲፒኤም በሚባል የደህንነት ቺፕ ነው። ቺፑ ማሽኑ የሚነሳበት መንገድ እንደተለወጠ ከተሰማው ቁልፉን አይሰጥም። ፍላሽን ከሃርድ ዲስክ ማስቀደም ወይም ሴኪዩር ቡትን፣ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ጥበቃ፣ ማጥፋት ሊያስቆጣው ይችላል። ያኔ ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ቁጥሩ ከሌላችሁና የቀየራችሁትን ወደነበረበት ስትመልሱም ካልከፈተ ፎቶዎቻችሁን ተሰናበቱ።

«እኔ ቢትሎከር አላበራሁም» እንዳትሉ። በማይክሮሶፍት አካውንት የገባችሁበት አዲስ ላፕቶፕ ሳይጠይቃችሁ ዲስኩን ቆልፎ ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ያኔ ቁልፉን እዚያው አካውንታችሁ ላይ ያስቀምጠዋል። በስልካችሁ ገብታችሁ ቁጥሩን ፈልጉና ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ያው ላፕቶፕ ውስጥ ማስቀመጥ ዋጋ የለውም። የዊንዶውስ ፕሮ እትም ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ቢትሎከርን ለጊዜው ማገድ ይቻላል።

የጎረቤትን በር ማንኳኳት

ባዮስ ውስጥ ቡት ከሚለው ገጽ ውጭ ሥራ የላችሁም። በተለይ የሳታ ሞድን፣ ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበትን መንገድ፣ ከራይድ ወደ ኤኤችሲአይ ወይም በተቃራኒው ከቀየራችሁ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን ሊያሳያችሁ ይችላል። ያኔ ወደነበረበት መልሱት። ችግሩ የነበረበትን ማስታወስ ነው። ስለዚህ ገና ስትገቡ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት። በብዙ ማሽኖች ኤፍ 10 አስቀምጦ መውጫ ሲሆን አጠገቡ ያለው ኤፍ 9 ሁሉንም ወደ ፋብሪካው መነሻ የሚመልስ ነው። ጣት ይሳሳታል፤ የሚመጣውን ጥያቄ ሳታነቡ የስ አትበሉ። ኢስኬፕ ብላችሁ ከወጣችሁ ደግሞ የቀየራችሁት አይቀመጥም።

ባትሪውን መርሳት

አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ያስተካከላችሁት ሰልፍ በየጠዋቱ ከተበላሸ፣ ሰዓቱና ቀኑም ወደ ኋላ ከሄደ፣ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል ማለት ነው። ሳንቲም የምትመስል ሲአር 2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ ናት። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ሁሉን የሚረሳው በእሷ ነው። ሶኬቱን ነቅላችሁ ቀይሯት። ሰልፉን ከዚያ በኋላ አስተካክሉ።

የሌላ ሰው ፓስወርድ ያለበትን ላፕቶፕ መግዛት

ከውጭ ቢሮዎች የወጡ ያገለገሉ ላፕቶፖች ባዮሳቸው በድርጅቱ ፓስወርድ ተቆልፎ ሊመጣ ይችላል። ዊንዶውሱ ይሠራል፣ ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ምንም አታዩም። ፎርማት ልታደርጉት ስትሉ ነው ሰልፉን አላስነካ የሚላችሁ። አዳዲሶቹ ላይ ባትሪ መንቀልም አይፈታውም። ስለዚህ ገንዘብ ሳትከፍሉ ማሽኑን ሪስታርት አስደርጋችሁ ባዮስ ግቡ። ፓስወርድ ከጠየቀ ሻጩ ከፍቶ ያጥፋላችሁ። ካልቻለ «እስኪ ሌላኛውን አምጣው» በሉት።