የኑዛዜና የውርስ ጠበቃ ስንመርጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

የአክስቴ ኑዛዜ ሦስት ገጽ ነበር። በኮምፒውተር የተተየበ፣ ጥጉ ላይ በስቴፕለር የተያያዘ፣ ከታች የአራት ምስክሮች ፊርማ ያረፈበት። ከምስክሮቹ አንዱ የንስሐ አባቷ ናቸው፣ አንዱ የእድሩ ዳኛ። ያዘጋጀው ጠበቃ ነው፤ ገንዘቡንም በወቅቱ ተቀብሏል። ልጅ ስላልነበራት ቤቷን የተናዘዘችው ዓመታት አብራት ኖራ ላስታመመቻት ለእህቷ ልጅ ነው።

አርባዋ ወጥቶ ፍርድ ቤት ሲቀርብ አንድ ዓረፍተ ነገር ጎደለበት። «ይህ ኑዛዜ በተናዛዧና በአራቱ ምስክሮች ፊት ተነበበ» የሚል። ምስክሮቹ «ተነቦ ሰምተናል» ቢሉም አላዳነውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 881 ላይ ጉዳዩን ቁርጥ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ ኑዛዜው በእነዚህ ሰዎች ፊት መነበቡና ቀኑ እዚያው ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ፈራሽ ነው። ቤቱ ለአክስቴ ወንድሞችና እህቶች ሄደ። አስታማሚዋ ግን፣ ወራሿ እናቷ በሕይወት ስላሉ፣ ለራሷ የደረሳት ነገር የለም። ልብሷን በሁለት ፌስታል ይዛ ስትወጣ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው «ጠበቃ ጠቁመኝ» ሲለኝ ዝም ብዬ ስም አልሰጥም። መጀመሪያ የሚከተሉትን እነግረዋለሁ።

«ጎበዝ ተከራካሪ ነው» ብሎ ኑዛዜ ማስጻፍ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። የአክስቴ ጠበቃ በችሎት የታወቀ ተከራካሪ ነበር። ክርክር ላይ ዛሬ የተረሳ ነገር ለቀጣዩ ቀጠሮ ሊስተካከል ይችላል። ኑዛዜ ግን የሚፈተነው ተናዛዡ ካረፈ በኋላ ነው። ያኔ «እንዲህ ማለቴ ነበር» የሚል ሰው የለም። ስለዚህ የሚያስፈልገው አንደበተ ርቱዕ ሰው ሳይሆን ወረቀት ላይ ጥንቁቅ የሆነ ሰው ነው።

እንዴት ይለዩታል? ጥቂት ጥያቄ ይዘው ይሂዱ። እኔና ባለቤቴ በአንድ ወረቀት ላይ አብረን መናዘዝ እንችላለን ወይ ብለው ይጠይቁት። ብዙ ባልና ሚስት እንዲህ ማድረግ ይወዳሉ፤ ፍቅራቸውን የሚያሳይ ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ላይ ያደረጉትን ኑዛዜ ዋጋ አይሰጠውም። ጠበቃው «ይቻላል፣ ችግር የለውም» ካለ ቡናዎን ጠጥተው ይውጡ።

ስንት ምስክር ያስፈልጋል ብለውም ይጠይቁ። በግልጽ ለሚደረግ ኑዛዜ፣ ማለትም እንደ አክስቴ በምስክሮች ፊት ለሚነበበው፣ አራት ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ጥሩ ጠበቃ ቁጥሩን ነግሮ አይበቃውም፤ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑም ይጠይቃል። በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር ሆኖ ከተቀመጠ ነገ ክርክር ይነሳበታልና።

«በእጄ ጽፌ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጫለሁ» ብለው ደግሞ ይንገሩትና ፊቱን ይመልከቱ። ተናዛዡ ራሱ የጻፈው ኑዛዜ በተጻፈ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። መቼ እንደጻፉት ወዲያው ካልጠየቀዎት ይህን ሕግ በልቡ አልያዘውም ማለት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ታጥፎ፣ ከፍራሽ ሥር ተደብቆ ጊዜው ያለፈበት ኑዛዜ ስንት ቤት እንዳለ ሳስብ እጨነቃለሁ።

አንድ ልጅን ከውርስ ስለመንቀልም ያነጋግሩት። ወላጅ ልጁን መንቀል ይችላል። ግን ምክንያቱን ኑዛዜው ላይ በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱ ለመንቀል የሚያበቃ መሆኑንም ፍርድ ቤት ይመለከተዋል። «ነቅዬዋለሁ» ብቻ ብሎ መፈረም ለልጆቹ የዓመታት ክስ ማውረስ ነው። እኔ የማከብረው ጠበቃ እዚህ ላይ ብዕሩን ያስቀምጣል። «አባቴ፣ ልጁ ምን አደረገ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ረጋ ብሎ ያዳምጣል፣ አንዳንዴም ሽማግሌ እንዲገባ ይመክራል።

ጉዳይ ገዳይን ከጠበቃ መቀላቀል

ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍልን ራፖር ጸሐፊ ለማመልከቻ ይጠቅማል። ኑዛዜ ግን አያስጽፉት። «ሁሉንም ቢሮ አውቃለሁ» የሚል ጉዳይ ገዳይም ጠበቃ አይደለም። ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ነው፤ አሠራሩን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። ፈቃዱን፣ የታደሰበትንም ዓመት ማየት ነውር አይደለም። ይጠይቁ።

ልጅ ጠበቃውን መርጦ እናቱን ይዞ መሄድ

በቅንነት የሚደረግ ነው፤ እናት ደካማ ናቸው፣ ልጅ መኪና አለው፣ ጠበቃውም ጓደኛው ነው። ኋላ ግን ያ ልጅ ከሌሎቹ ትንሽ በለጥ ያለ ነገር ከደረሰው እህቶቹ የሚሉት የታወቀ ነው፤ «እሱ ነው ያስጻፋት»። እውነትም ይሁን ሐሰት ቤተሰቡ ተሰነጠቀ።

ጠበቃውን እናት ይምረጡት፤ ቢያንስ ልጁ ከማያውቃቸው ሁለት ጠበቆች ጋር ይነጋገሩ። ጠበቃው ልጁን «እባክህ ውጭ ጠብቀን» ካላለው ደግሞ ሌላ ይፈልጉ። በር ተዘግቶ እናት ብቻቸውን ሲናገሩ የሚወጣው ቃል ብዙ ጊዜ ልጅ ባለበት ከሚወጣው ይለያል።

ለሚስትም ለልጆችም አንድ ጠበቃ መያዝ

«ቤተሰብ ነን፣ ምን ሁለት ጠበቃ ያስፈልጋል» ይባላል። ሁሉም ከተስማሙ ልክ ነው። ግን አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በሕጋችን ባል ያለ ኑዛዜ ሲሞት ሚስት የእሱ ወራሽ አይደለችም። የእሷ መብት ከጋራ ንብረቱ ግማሹ ነው፤ ውርስ የሚባለው የባል ድርሻ ነው፣ እሱን ልጆቹ እኩል ይካፈላሉ። ስለዚህ ቤቱ የጋራ ነው ወይስ ባል ከጋብቻ በፊት ያፈራው የግል ንብረት የሚለው ጥያቄ እናትንና ልጆችን በአንድ ጊዜ ተቃራኒ ያደርጋቸዋል። በተለይ ልጆቹ ከሌላ እናት ሲሆኑ።

እዚህ ላይ ለሁለቱም እቆማለሁ የሚል ጠበቃ ለአንዳቸው እንኳ በሙሉ ልብ መቆም አይችልም። ሐቀኛው ጠበቃ ገና በመጀመሪያው ቀን «እኔ የማን ጠበቃ ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል። ሚስት ቤቱ እንዲተርፋት የሚፈልግ ባል ካለም በሕይወት እያለ ይናዘዝላት።

ለወራሽነት ማስረጃ ከቤቱ በመቶኛ መስማማት

የወራሽነት ማስረጃ ወራሹ ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ ንብረት አያካፍልም። ጠብ ከሌለ ሥራው ያን ያህል ከባድ አይደለም፤ ከወሳኝ ኩነት የሞትና የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዝምድናውን የሚያውቁ ምስክሮች፣ ማመልከቻ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን የሚያየው የከተማው ፍርድ ቤት ነው። ለዚህ የቤቱን ዋጋ በመቶኛ የሚጠይቅ ጠበቃ ሲያጋጥምዎ አይፈርሙ። በቁርጥ ዋጋ ይስማሙ።

ንብረት ማጣራትና ማካፈል ግን ሌላ ሥራ ነው። ዕዳ አለ፣ ውርስ አጣሪ ይሾማል፣ ቤት ይገመታል። ለእሱ ለብቻው፣ በጽሑፍ ይዋዋሉ። ውሉ ላይ ይግባኝ ቢኖር ክፍያው ይጨምር አይጨምር እንደሆነም ይስፈር። ብዙ ቂም የሚመጣው ከዚህች መስመር መጥፋት ነው።

ንብረቱ የት እንዳለ ሳያዩ ጠበቃ መያዝ

አባት አዲስ አበባ ኖረው ይሞታሉ፣ መሬታቸው ግን ገጠር ነው። የገጠር መሬት ይዞታ አወራረስ በክልሉ የመሬት ሕግ ይታያል፤ ክልሎችም የየራሳቸው የጥብቅና ፈቃድ አሰጣጥ አላቸው። «እዚያ ፍርድ ቤት መቆም ትችላለህ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ምልልስ ያድናል።

ሟቹ ሙስሊም ከሆኑና ወራሾቹ ከፈቀዱ ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። በዚያ አወራረሱ ሌላ ነው፤ ወሲያ፣ ማለትም ኑዛዜው፣ ከንብረቱ ሲሶ አያልፍም። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ብቻ የሚያውቅ ጠበቃ ለእነዚህ ቤተሰቦች አይበቃም።

ውጭ ሆኖ በሟች ውክልና መተማመን

ዋሽንግተንም ሆነ ሪያድ ያላችሁ፣ ይህ ለእናንተ ነው። «አባቴ በሕይወት እያለ ለወንድሜ ውክልና ሰጥቶታል፣ እሱ ይጨርሰዋል» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራል። በዚያ ውክልና ቤት ለመሸጥ የሚያዘጋጅ ጠበቃ እርዳታ እያደረገላችሁ አይደለም።

አሁን ወካዩ እናንተ ናችሁ። በምትኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በስማችሁ አዲስ ውክልና ስጡ፤ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በውልና ማስረጃ በኩል ያልፋል። ጽሑፉን ራሳችሁ አንብቡት። ቤት መሸጥ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃልና ለጠበቃው የምትፈልጉት ክርክር ብቻ ከሆነ «ይሽጥ ይለውጥ» የሚለውን አስወጡት። ደግሞ ዛሬ ነገ አትበሉ። ሌላ ሰው ወራሽ ነኝ ብሎ ንብረቱን ከያዘ፣ እናንተም መብታችሁንና መያዙን ካወቃችሁ ክስ ለመመሥረት ያላችሁ ጊዜ 3 ዓመት ነው። ስለዚህ ለጠበቃው ስትደውሉ ሟቹ ያረፉበትን ቀን፣ ቤቱን አሁን የያዘው ማን እንደሆነና ይህን መቼ እንዳወቃችሁ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አጠገባችሁ አስቀምጡ።